የይቅርታው ድንጋይ

ወልደተንሣኤ ግንብ የሚሠራው እስከ ደረቱ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ “መሠረቱን ለወልዴ ስጡት፣ ግድግዳውን ሌላ ያውጣው” ይባላል። መሠረት በመጣል የሚስተካከለው የለም። ድንጋዩን በመዶሻው ጫፍ መታ መታ ያደርግና ድምፁን ሰምቶ፣ ይሄ ይሸከማል፣ ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል ይላል። ተሳስቶ አያውቅም። ግንቡ ደረቱ ጋ ሲደርስ ግን መዶሻውን ያስቀምጣል፣ ቱንቢውን ለተተኪው ግንበኛ ያቀብላል፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ይሄዳል። ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሣም።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከጣርማ በር እስከ ደነባ ድረስ በእጁ የቆሙ ቤቶች አሉ። በመኪና ሲያልፍ የራሱን ማዕዘን ከሩቅ ይለየዋል። “ያ የኔ ነው” ይላታል ሚስቱን ፀደንያን፤ እሷም መቶ ጊዜ የሰማችውን እንደ አዲስ ትሰማለች።

ክንዱን ያጣው በአንድ ግድግዳ ምክንያት ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አገር በተረበሸበት ወራት፣ ከከተማው ዳር ለአንድ ነጋዴ ቤት ሠርቶ ነበር። ነጋዴው በኋላ ተፈላጊ ሆነና ጠፋ። እሱን ያጡት ሰዎች ግንበኛውን አገኙት። ከሥራው ቦታ፣ እጁ ላይ ጭቃው ሳይደርቅ፣ በመኪና ወስደው በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ግቢ አስገቡት። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ለአርባ አንድ ቀን አልተለወጠም። መሣሪያው የተቀበረው በየትኛው ግድግዳ ውስጥ ነው?

ለግንበኛ ይህ ጥያቄ ራሱ ስድብ ነው። የድንጋይ ግድግዳ ሁለት ፊት አለው፤ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ይሞላል። እዚያ መካከል ጠመንጃ የሸጎጠ ሰው ግድግዳውን ገድሎታል፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ሆዱ ይነፋና ይናዳል። ወልደተንሣኤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ለመርማሪው አስረዳ። እውነት የተናገረ ሰው ይታመናል ብሎ ስላሰበ፣ በጣቱ ወለሉ ላይ እየሣለ ነበር ያስረዳው። መርማሪው ቴዎፍሎስ ይባላል። ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ በፊት “ወንድሜ” የሚል ሰው ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጠና፣ “ወንድሜ፣ እኔ ግንባታ ልማር አልመጣሁም” አለው። ከዚያ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አሳሰረና በገመድ ወደ ጣሪያው አስወጣው።

የቀረውን ወልደተንሣኤ ዘርዝሮ አይናገርም። ትከሻው በአራተኛው ቀን ከቦታው ወጣ፤ ወደ ቦታው የመለሰው ግን የለም። እንደወጣ ደግመው ሰቀሉት።

በዚያ ክፍል አብሮት የታሰረው ዓወል የሚባል የአልዩ አምባ ሰው ነበር። ለዚያው ለጠፋው ነጋዴ ከቆላ በርበሬ ያመጣለት ስለነበር ነው የያዙት። እሱን የገረፉት ውስጥ እግሩን ነው። መራመድ የማይችለው ዓወል እጁን ማንሣት የማይችለውን ወልደተንሣኤን ያጎርሰዋል፤ ወልደተንሣኤ ደግሞ ዓወልን በጀርባው አዝሎ ወደ መጸዳጃ ይወስደዋል። ሌሊት አንዱ ዱዓ ሲያደርግ ሌላው ውዳሴ ማርያም ይደግም ነበር። ዓወል ታዲያ፣ “ሁለት በር ስናንኳኳበት አንዱን መክፈቱ አይቀርም” ይል ነበር።

በአርባ ሁለተኛው ቀን ለቀቋቸው። ያን ቤት መሣሪያ ፍለጋ ቀድመው አፍርሰውት ነበር። ከግድግዳው የወጣው ጠጠር ነው፤ ጠጠር ብቻ። ወልደተንሣኤ ፍርስራሹ አጠገብ ቆሞ ለረጅም ጊዜ አየው። “ተሳስተናል” ያለው ሰው እስከዛሬ የለም።

ጊዜ ተለወጠ፣ አቤት ማለት ይቻላል ሲባል ሁለቱ አቤት አሉ። አቤቱታው ሁለት ዓመት ያህል በደጅ ጥናት አለቀ። ዓወል በየቀጠሮው ከአልዩ አምባ ያን አቀበት በሌሊት ወጥቶ፣ በአንኮበር በኩል በጭነት መኪና ተሳፍሮ ይመጣል። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከዐቃቤ ሕጉ በር ላይ ይቀመጥና፣ “የደብረ ብርሃንን ብርድ ያየ ሰው ጀሐነም እሳት ነው ቢሉት አያምንም” እያለ ዘበኛውን ያስቀዋል። በመጨረሻ መዝገብ ተከፈተ፤ ቴዎፍሎስም ቃሉን እንዲሰጥ መጥሪያ ደረሰው። እሱ ሥራውን ከተወ ቆይቷል፤ ከከተማው መውጫ ላይ የብሎኬት ማምረቻ ከፍቶ፣ “ጋሼ” የሚባል ሰው ሆኗል።

ወልደተንሣኤ የሚፈልገው ብዙ አልነበረም። ክንዱ ሐኪም እንዲያየው፣ በግድግዳው ውስጥ ምንም እንዳልቀበረ እንዲጻፍለት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ግን ያ ሰው በተራው፣ በዳኛ ፊት፣ አንድ ጥያቄ እንዲጠየቅና እንዲመልስ ይፈልጋል። እሱ አርባ አንድ ቀን ተጠይቋል። ያ ሰው አንድ ቀን ቢጠየቅ ይበቃዋል።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው ሽማግሌዎች መጡ።

የአገሩ ወግ የታወቀ ነው። ደም ያለበት፣ ወይም እንደ ደም የከበደ በደል የሠራ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ተበዳዩ ድንጋዩን በገዛ እጁ ካወረደለት ይቅር ብሎታል ማለት ነው። ካላወረደለት እንደተሸከመ ይውላል። ያን ዕለት ፊት የቀደሙት የደብሩ አዛውንት ቄስ መምሬ ማኅደረማርያም ነበሩ፤ መስቀላቸውን ይዘዋል። ከኋላቸው የዕድሩ ሊቀ መንበር አቶ ወልደአረጋይና ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ቴዎፍሎስ ጫማውን አውልቆ፣ ጭቃ የደረቀበት ትልቅ ጥቁር ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይመጣል። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተሰበሰበ።

ወልደተንሣኤ ድንጋዩን ሲያይ መጀመሪያ የያዘው ንዴት ሳይሆን ፍርሃት ነው። እንዴት አድርጌ አወርደዋለሁ? ሲል አሰበ። በሰው ሁሉ ፊት ክንዱ ሊከዳው ነው። ቴዎፍሎስ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። ያን ክንድ ያጠፋው ሰው በዚያው ክንድ ድንጋይ እንዲነሣለት ፊቱ ተንበርክኳል።

መምሬ መስቀሉን አነሡ። “ልጄ፣ ጾም ደጃችን ነው። ይህን ሰው አውርድለት።”

 ፀደንያ ድንጋዩን ልታግዘው አንድ እርምጃ ቀረበች።

“ወንድሜ” አለ ቴዎፍሎስ፣ አንገቱን እንደደፋ። “ስለ እግዚአብሔር።”

ያችን ቃል ሲሰማ ገመዱ ትከሻው ላይ ተወጠረ። ሆኖም አምስት ሽማግሌ ቆሟል፣ መስቀል ተነሥቷል፣ አጥሩ ላይ ያለው ሰው ትንፋሹን ይዟል። ጥርሱን ነክሶ፣ እግሩን ከፍቶ፣ ከወገቡ ሊያነሣ ተዘጋጅቶ ሁለት እጁን ከድንጋዩ ሥር አስገባ።

ድንጋዩ እንደ ዳቦ ብድግ አለ።

ፑሚስ ነበር። ብሎኬት አምራቾች ከሲሚንቶ ጋር የሚያቦኩት፣ በመርፌ የተበሳሳ የሚመስል፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ድንጋይ። ከሰውየው ከራሱ ግቢ የተመረጠ ነው፤ ቀዳዳው እንዳይታይ ጭቃ ተለስኗል። ከቴዎፍሎስ ሌላ ያኔ ይህን ያወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ድንጋይ ያነሣው ወልደተንሣኤ። ቴዎፍሎስ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ያኔ መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። ድንጋዩን ከበድ እንዳለው ሰው ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

እሰይ ተባለ፤ እልል ተባለ። አቶ ወልደአረጋይ ከኮታቸው ኪስ በኮምፒዩተር የተጻፈ ወረቀት አወጡና ለመዝገብ ያህል ነው ብለው አስፈረሙት። ሳያነብ ፈረመ። ወረቀቱ ከይቅርታው በፊት መጻፉን ልብ ያለ አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ ከዓወል ጋር ወደ ዐቃቤ ሕግ ሲሄዱ መዝገቡ ተዘግቶ ጠበቃቸው። ተበዳዩ በፈቃዱ ታርቋል፣ ወረቀቱም ተያይዟል ተባሉ። ዓወል እኔ መቼ ታረቅሁ ብሎ ጠየቀ። ጸሐፊው መዝገቡ አንድ ነው፣ ተዘግቷል ብሎ መስኮቱን ገፋው።

ሁለቱ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ወረዱ። ዓወል አግዳሚው ላይ ተቀመጠና እግሩን እያሸ መናገር ጀመረ።

“አውፍ ብሎ ይቅር ማለት ደግ ነው ወልዴ። እኔም እል ይሆናል፣ ደጄ ሲመጣ። የኔን አውፍ ግን ማን ወክሎህ ነው የሰጠኸው?”

“ያንተን የሰጠሁ አልመሰለኝም።”

“ፈርመሃል።”

“ፈርሜአለሁ።”

“አርባ አንድ ቀን አንዲት ቃል ያላወጣህ ሰው፣ አንድ ቄስ መስቀል ቢያሳይህ ሁሉን ፈረምክ?”

ወልደተንሣኤ ወቀሳውን ሁሉ ችሎ ቢቀበል ይሻለው ነበር፤ ግን ዓወል ነው፤ ያጎረሰው ሰው ነው። ስለ ድንጋዩ ነገረው። ዓወል መጀመሪያ አላመነም። “ግንበኛ ድንጋይ ያታልለዋል?” አለና ካላየሁ አልሄድም ብሎ ወደ ቤት ተከተለው።

ድንጋዩ ከአጥሩ ሥር ነበር። ፀደንያ ሁለቱ ሲፈልጉት አይታ ምን ልታደርጉት ነው ብላ አልጠየቀችም። ሄዳ ራሷ በአንድ እጇ አንሥታ አመጣችውና ውኃ የሞላው በርሜል ላይ አኖረችው። ተንሳፈፈ።

“ግቢ ስጠርግ ነው ያወቅሁት” አለች። “አንተ እስክትነግረኝ ነበር የምጠብቀው።”

ዓወል ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቆመ። “ታዲያ ለምን ዝም አልክ?”

 ወልደተንሣኤ ይህን ለንስሐ አባቱ እንኳን አልተናገረም። “ስላልከበደኝ ደስ አለኝ” አለ። “በሰው ፊት ስላላዋረደኝ አመሰገንኩት። ያን ሰው በልቤ አመሰገንኩት፣ ዓወል።”

ዓወል ድንጋዩን ከውኃው አውጥቶ እጁ ላይ አገላበጠው። “ክንድህን ሰብሮ፣ በሰበረው ክንድ ልክ ድንጋይ መረጠልህ” አለ። “ይቅርታ ብሎ ነው የሚጠራው? ድጋሚ ነው የመረመረህ፤ ምን ያህል እንደምትችል ሊያይ። ዘንድሮም ዝም እንደምትል አወቀ።”

ያን ቀን ነው ወልደተንሣኤ በእውነት የተቆጣው። የቀደመው ቁጣው ሁሉ ከሕመም ጋር የተደባለቀ ነበር፤ ይሄ ጥርት ያለ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ቴዎፍሎስ ግን አልረሳም፤ የወልደተንሣኤ ክንድ የት ድረስ እንደሚነሣ እስከ ዛሬ በልቡ መዝግቦ ይዟል። በዚያ እውቀት ነው ይቅርታ የጠየቀው።

በማግሥቱ ደግሞ ወደ ዐቃቤ ሕግ ሄደ። መዝገቡን የዘጋው ሰው ተዛውሯል፤ ቦታው ላይ ሔራን የምትባል ወጣት ዐቃቤ ሕግ ነበረች። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ እሱ ምን እንደሚል ጠየቀችው። እሱም ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ፊርማው ነገራት። እሷ ሰውን በማሰቃየት የሚከሰስ ሰው በግል ዕርቅ እንደማይለቀቅ፣ መዝገቡ ከመጀመሪያውም በዚህ ምክንያት መዘጋት እንዳልነበረበት አስረዳችው። እንዲከፈት ለበላይ እጽፋለሁ አለች። የተከሳሹ ጠበቃ ግን ይህን ወረቀት ማውለብለቡ ስለማይቀር፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ምን እንዳስታረቁ ቢጽፉ እንደሚበጅ ጨመረች።

“ልጄ” አላት፣ “ሕጉ ይህ ከሆነ፣ የዘጋብኝ ሰው ይህን አያውቅም ነበር?”

ሔራን ብዕሯን አስቀመጠች። “ያውቅ ነበር፣ ጋሼ።”

“ታዲያ ሁለት ዓመት በዚያ መስኮት ስመላለስ፣ ዕርቅ ክሱን አይዘጋውም ብሎ አንድ ሰው አይነግረኝም? ቴዎፍሎስም ድንጋይ ከባድ ነው አለ፣ እናንተም ወረቀት ከባድ ነው አላችሁ። ሁለቱም ባዶ ነው።”

ብዕሯን መልሳ አነሣችና ለበላይ የሚሄደውን ደብዳቤ ጀመረች።

እሑድ፣ ቅዳሴ ወጥቶ የዕድሩ አባላት በደብሩ ግቢ ሲሰበሰቡ፣ ወልደተንሣኤ ድንጋዩን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ መጣ። ፀደንያ አብራው ነበረች። ዓወል ከግቢው በር ውጭ ካለው ጽድ ሥር ተቀመጠ።

አቶ ወልደአረጋይ ነገሩን ገና ከጅምሩ ነው የተቃወሙት። የተዳፈነ እሳት አይቆሰቆስም፣ ያወረደ ሰው አውርዷል፣ ከፈረሙ በኋላ መመለስ የሴት ፀባይ ነው አሉ። ፀደንያ ከኋላ ሆና፣ ሴት ብትሆንማ ሳታነብ አትፈርምም ነበር አለች፤ ጥቂት ሰው ሳቀ።

ወልደተንሣኤ ለመምሬ ሰገደና ጠየቀ። “አባቴ፣ በዳይ የሚሸከመው ድንጋይ ልኩ ምን ያህል ነው?”

“እንደ በደሉ ነው እንጂ ልጄ። እንደ በደሉ።”

ድንጋዩን ከከረጢቱ አውጥቶ ፊታቸው አኖረው። “እንግዲያው የደረሰብኝን በደል አንሥተው ይመዝኑልኝ።”

መምሬ ማኅደረማርያም ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው፣ ጉልበታቸውን አጽንተው፣ እንደ ከባድ ነገር ሳቡት። ድንጋዩ ከጠበቁት በላይ ሲፈጥንባቸው ወደ ኋላ ሊወድቁ ነበር፤ ዲያቆኑ ደግፎ ያዛቸው። ያንን ድንጋይ ደረታቸው ላይ አድርገው ጭቃውን በአውራ ጣታቸው ፋቁት።  ከዚያ ለሚቀጥለው ሽማግሌ አቀበሉት፤ እሱም ለሚቀጥለው። አቶ ወልደአረጋይ ጋ ሲደርስ አልተቀበሉም።

“ወረቀቱን ማን ጻፈው?” ሲሉ መምሬ ጠየቁ።

ቀስ በቀስ ወጣ። የተጻፈው በብሎኬት ማምረቻው ቢሮ ነው። አቶ ወልደአረጋይ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። በመጨረሻው መስመር “ክሱም እንዲቋረጥ ተስማምተናል” የሚል አለ። ማንበባቸውን አላመኑም፤ አለማንበባቸውንም አልማሉም።

“እኔ መስቀል ይዤ የሄድኩት ለነፍሱ ነው” አሉ መምሬ። “ለመዝገቡ አልሄድኩም። ነፍሱን እግዚአብሔር ይመርምራት። እኔን ግን የሐሰት ድንጋይ አስባርኮኛል።”

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዕድሜ ልኩን በአጥቢያ ዳኝነት ያሳለፈ ሰው፣ በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ብሎ ተረተ። ወረቀትና እስክርቢቶ መጣ። በእጅ ጽሑፍ፣ ያስታረቅነው ለነፍስ ነው፤ ያም ቢሆን ድንጋዩ የሐሰት ስለሆነ ዕርቁ ፈርሷል፤ ስለ ክስ የተጻፈውን አናውቀውም የሚል ቃል ሰፈረ። ከአምስቱ አራቱ ፈረሙ። አቶ ወልደአረጋይ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ወልደተንሣኤ ከበሩ ሲወጣ ዓወል ፊቱን አይቶ ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። ተነሥቶ ከረጢቱን ከእጁ ተቀበለውና፣ “ይሄን ወደ አልዩ አምባ እወስደዋለሁ፤ ለተረከዝ መፈግፈጊያ ይሆናል” አለ።

መዝገቡ ተከፈተ። ደግሞ ወራት ሄደ፤ ደግሞ ቀጠሮ ተሰበረ፤ ደግሞ ዓወል አቀበቱን ወጣ። በመጨረሻ፣ በክረምቱ መውጫ፣ ቴዎፍሎስ ተከሳሽ ተብሎ ከጠበቃው ጎን ቆመ። ልብሱ ንጹሕ ነበር። ወልደተንሣኤ ሲገባ አንድ ጊዜ አየውና ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተከለ።

ጸሐፊዋ ምስክሩን ወልደተንሣኤን ልታስምል ቀኝ እጁን ወደ ላይ እንዲያነሣ ነገረችው። አነሣ። እጁ ደረቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

“ከፍ ያድርጉት” አለች፣ ከወረቀቷ ሳትቀና።

ሞከረ። ላብ ግንባሩን አረሰው። ክንዱ ባለበት ቀረ። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሳለ። ከኋላ አግዳሚው ላይ ዓወል ሊነሣ ፈልጎ ተመልሶ ተቀመጠ።

“ከዚህ በላይ አይሄድም፣ ክቡር ዳኛ” አለ ወልደተንሣኤ።  “የመጣሁት ስለዚህ ነው። እሱንም ይጻፉልኝ።”

ጸሐፊዋ አሁን ቀና አለች። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ደረቱ ላይ የቆመውን እጅ አዩ፤ ከዚያ ተከሳሹን አዩ። ቴዎፍሎስ ቀና አላለም።

“ይጻፍ” አሉ ዳኛው።

ወልደተንሣኤ እጁን እዚያው፣ ግንቦቹ ሁሉ በሚያበቁበት ከፍታ ላይ እንዳቆመ፣ መሐላውን ጀመረ።